ከአየር ትንበያው ቀጥሎ

በዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የመዝገብ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ፣ ደመወዝ የምታሠራው ሴት ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ለሌላው ሁሉ «ቆይማ» ነው። ምንም ነገር ሲጠየቅ አስቀድማ ከአፉ የምታመልጠው ቃል እሷ ስለሆነች በዚያው ስሙ ሆና ቀረች። «ኮምፒውተሬ አልከፈት አለኝ» ሲሉት «ቆይማ»፤ «ምሳ አንሄድም ወይ?» ሲሉት «ቆይማ»። አንድ ቀን እንዲያውም «እሳት! እሳት!» ተብሎ ሠራተኛው በሙሉ ወደ ደረጃው ሲተራመስ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ቆይማ፣ ይሄ የተቃጠለ ዳቦ ነው» አለ። እውነትም ዳቦ ነበር። ግማሹ ሰው ከታች ድረስ ወርዶ እያለከለከ ሲመለስ እሱ ሥራውን ቀጥሏል።

አርባን ተሻግሮ ጥቂት የተራመደ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ መሸሽ የጀመረ፣ ረጋ ያለ ፕሮግራመር ነው። የሙያ ጓደኞቹ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዘሉ፣ እሱ እዚያው ጣቢያ፣ መስኮቷ ወደ መኪና ማቆሚያው በምታይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደላድሎ ቀረ። «አይሰለችህም?» ይሉታል። ለምን ይሰልቸዋል? ከቤቱ እስከ ሥራው በእግሩ ይደርሳል። የሚስቱ የልብስ ስፌት ሱቅ መንገዱ ላይ ነው። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፤ ያንን አስቸጋሪ የብረት መዝጊያ እሱ ትከሻውን ሰጥቶ ወደ ላይ ይገፋላታል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሶ በጨርቅ ክምር መካከል አብሯት ይበላል። ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ አባቱ ይጠብቋቸዋል። አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ መሪውን ለቀው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እጃቸው ከሬዲዮ ተለይቶ አያውቅም። የሚያዳምጡት የልጃቸውን ጣቢያ ብቻ ነው። አንዲት ስህተት ከሰሙ እሷን እስከ እራት ድረስ እንደ ከረሜላ በጉንጫቸው ይዘው ይቆያሉ።

የጣቢያው የዕለት ፕሮግራም የሚደራጀው በአንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። ዜናው፣ ሙዚቃው፣ ማስታወቂያው፣ የአየር ትንበያው፣ ቃለ ምልልሱ፣ እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ከላይ ወደ ታች ይሰለፋል። ሰባተኛውን ወደ ሦስተኛ ቦታ ማምጣት የፈለገ በማውዝ ይዞ ጎትቶ እዚያ ይለቀዋል፤ ሦስተኛው አራተኛ፣ አራተኛው አምስተኛ እየሆነ፣ የቀሩት በአንድ በአንድ ወደ ታች ይጠጋሉ። ከገጹ ጀርባ ያለው ዳታቤዝ የእያንዳንዱን ተራ ቁጥር ይይዛል፤ ስቱዲዮው የሚያሰማውም በዚያው ተራ ነው። ይህን የሠራው ከቆይማ በፊት የነበረ ልጅ ነው። ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ገጹም ለዓመታት ወይ ፍንክች ሳይል አገልግሏል፤ የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነበራ!

በኋላ ግን የማለዳው ፕሮግራም እንዲረዝም ተወሰነና ሥራው ለሁለት ሴቶች ተሰጠ። አንዷ አቅራቢዋ ናት፤ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት የምትቀመጥ፣ ድምጿ ማር የሆነ፣ ንግግሯ ግን አንዳንዴ ንብም ያለበት። ሌላዋ አዘጋጇ ናት፤ ኮሪደሩን ተሻግሮ ባለው ክፍል ውስጥ ሆና እንግዳ የምትፈልግ፣ ሙዚቃ የምትመርጥ፣ ዕቅድ ከሌለው ነገር ጋር ዓይንና ናጫ የሆነች ሴት። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እጅና ጓንት ነበሩ። ዝናብ ሲመጣ በአንድ ጃንጥላ ይሄዳሉ፤ ጃንጥላው ጠባብ ስለሆነ ሁለቱም ይረጥባሉ፤ ሌላ ግን ገዝተው አያውቁም። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሴቶች ፕሮግራሙ በአየር ላይ እያለ፣ አንዷ ከዚህ ሌላዋ ከዚያ፣ ያንኑ አንዱን ገጽ ይጎትቱ ጀመር።

መዘዙ የመጣው በአንድ የእንስሳት ሐኪም በኩል ነው። ሰውየው አስቀድሞ ተቀርጾ፣ ቃለ ምልልሱ በሁለት ክፍል ተቆርጦ ነበር። ያን ዕለት ማለዳ አድማጭ በመጀመሪያ የሰማው፣ «ስለ ጋበዛችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋሉ» የሚለውን ነው። ከዚያ አንድ ዘፈን መጣ። ከዘፈኑ በኋላ ያው የአቅራቢዋ የማር ድምፅ፣ «እንግዳችን እንኳን ደህና መጡ!» አለ።

ማታ እራት ላይ አባቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዛሬ ጨዋ እንግዳ ነበራችሁ» አሉ።

«የትኛው አባዬ?»

«ሐኪሙ ነዋ! መጀመሪያ ተሰናበተን፣ ከዚያ ተዋወቀን። እኔ በሰባ ዓመቴ እንዲህ ያለ ቸኳይ አይቼ አላውቅም።»

ሚስቱ ሳቋን ለመዋጥ ውሃ አነሳች፤ ውሃውም ትን አላት። ቆይማም ሳቀ። በማግሥቱ ግን ጣቢያው ውስጥ የሚስቅ ሰው አላገኘም። አቅራቢዋ የአዘጋጇ በር ላይ ቆማ፣ «አገር ምድሩ ሳቀብኝ! ለምን አዛወርሽው?» ትላለች፤ አዘጋጇ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «እኔ ማስታወቂያ ነው ያነሳሁት፣ ሐኪምሽን አልነካሁም። ይልቅ አንቺ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነሽ ምን ስትነካኪ ነበር?» ትላለች።

ቆይማ ዳታቤዙን ከፍቶ ሲመለከት አንድ እንግዳ ነገር አየ። በዚያ ቀን ዝርዝር ውስጥ ሁለት አራተኛዎች አሉ። ስድስተኛ የሚባል ደግሞ ጭራሽ የለም። ሁለት አራተኛ ሲኖር የትኛው ይቅደም? ስቱዲዮው እንደ ዕድሉ አንዱን ያነሳል። «ቆይማ» አለ ለራሱ፤ አንድ ደንብም ለዳታቤዙ ሰጠው፦ በአንድ ቀን ዝርዝር ውስጥ ሁለት መስመር አንድ ቁጥር ሊይዝ አይችልም። ይህን የሚጥስ ለውጥ ከመጣ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል።

ደንቡ ትክክል ነበር። ጠቡን ግን አባሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስመሮቹ መደባለቃቸውን ተዉ፤ በምትኩ አንዷ ጎትታ ስትለቅ ገጹ ላይ በቀይ፣ «ለውጡ ሊቀመጥ አልቻለም» የሚል ይመጣ ጀመር። ቀዩ ጽሑፍ አንድ ቀን ለአንዷ ይወጣል፣ ሌላ ቀን ለሌላዋ። የወጣባት ሁሉ ባልደረባዋ ሆን ብላ የዘጋችባት መሰላት። ሁለቱ ሴቶች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ዝናብ ሲመጣ አንዷ ጃንጥላውን ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ቦርሳዋን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ትሮጣለች። ከዚያም አልፎ ቆይማን መልእክተኛ አደረጉት።

«ለዚያች ሴትዮ ንገራት፤ ዜናው ካለቀ በኋላ እጇን ሰብሰብ ታድርግ።»

«የምኗ ሴትዮ? የልብ ጓደኛሽ አይደለችም እንዴ?»

«ጓደኛዬ የነበረችው ሌላ ናት።»

በመጨረሻ ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጩኸት የማይወዱ፣ ችግር ሲመጣባቸው መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ቆይማን አስጠርተው አስቀመጡት።

«ስማ ልጄ፤ ለአንዷ ብቻ ፈቃድ ስጥና የሌላዋን ዝጋው። ነገሩ በዚሁ ያብቃ።»

«የየትኛዋን ልዝጋ ጋሼ?»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «እሱን አንተ ምረጥ።»

«ቆይማ ጋሼ፤ አንዷን ከዘጋሁ ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብዬ ፈረድኩ ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እስቲ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይታገሡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መምረጥ የሚባለው ሸክም ከሳቸው ላይ ስለወረደ ደስ እያላቸው ተስማሙ።

ቆይማ ክፍሉ ገብቶ ያንን የድሮ ኮድ መስመር በመስመር አነበበው። ልጁ መጥፎ ሠራተኛ አልነበረም፤ ዓለም ላይ ከአንድ ሰው በላይ መኖሩን ረስቶ ነው እንጂ። አንድ ሰው መስመር ጎትቶ ሲለቅ ኮዱ አስቀድሞ የሁሉንም ቁጥር ያነባል፤ አዲሱን ተራ ያሰላል፤ ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ ይጽፋል። በማንበቡና በመጻፉ መካከል ያለችው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ አትሆንም። ግን በዚያች ጥቅሻ ውስጥ ሌላዋ ከመጣች፣ እሷም የምታነበው ያልተለወጠውን ነው፤ እሷም በዚያው ላይ ታሰላለች፤ እሷም ትጽፋለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ግን ስህተት ናቸው። ሰርቨሩ የመዘገበውን ሲያገላብጥ ቀዩ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር የሁለቱ ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተከታትሎ ገብቶ አገኘው።

ይህን ሌላ ኮድ ጽፎ አስመስሎ ሊያየው ይችል ነበር፤ አስመስሎም አይቶታል። ነገር ግን እሱ ማየቱ ሴቶቹን አያስታርቅም። «አንቺም ልክ ነሽ፣ እሷም ልክ ናት» ቢላቸው፣ ሁለቱም ሽማግሌ ሆኖ ሊሸነግላቸው የመጣ ነው የሚመስላቸው። በዓይናቸው ማየት አለባቸው።

የማለዳው ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ለልምምድ የሚሆን ባዶ ቀን ፈጥሮ ጥቂት መስመሮች ደረደረበት። አቅራቢዋን ስቱዲዮ፣ አዘጋጇን ክፍሏ አስቀመጠ፤ ሁለቱንም በር ከፈተ፤ ራሱ ኮሪደሩ መሐል ቆመ። ሁለቱም እሱን ያያሉ፤ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ለመተያየትም ፍላጎት የላቸውም።

«እኔ ሦስት ስል እኩል ልቀቁ» አለ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ምንም አልሆነም። ገጹ የሁለቱንም በሰላም ተቀበለ።

«ይኸው፣ ደህና ነው» አለች አዘጋጇ ለመነሳት እየዳዳት።

«ቆይማ! እኩል አልለቀቃችሁም። እንደገና። አንድ፣ ሁለት…»

«አሁንም ቀደመች!» ብላ ጮኸች አዘጋጇ ከክፍሏ። «ይቺ ሴት ሁልጊዜ ‹ሦስት› ሳይባል ነው የምትገባው!»

«አየር ላይ ሰከንድ ማባከን አለብኝ እንዴ?» መለሰች አቅራቢዋ ከስቱዲዮ። «አንቺ እንደሆንሽ ሦስት ከተባለ በኋላ ስብሰባ ትጠሪያለሽ!»

ከስንት ጊዜ በኋላ በቀጥታ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ቆይማ ልቡ ውስጥ ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ግን አላሳየም። «በሉ፣ እሷ ትንሽ ትዘግይ፣ አንቺ ትንሽ ፍጠኚ» አለና እንደገና ቆጠረ። ጥቂት ከሞከሩ በኋላ እጃቸው ገጠመ፤ በአዘጋጇ ክፍል ቀይ ወጣ።

«ይኸውና! ዘጋችብኝ!»

«እኔ ምን ነካሁ? የመጨረሻውን ነው ያነሳሁት!»

«አይዟችሁ፣ አንድ ጊዜ ድገሙ» አለ ቆይማ። ደገሙ። አሁን ቀዩ የወጣው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አቅራቢዋ ከስቱዲዮ ወጣች፤ አዘጋጇም ወደ በሯ መጣች። ተያዩ።

«አልነካሁብሽም» አለች አዘጋጇ ቀስ ብላ።

«እኔም አልነካሁብሽም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንን ነው ያኮረፍኩት?»

አቅራቢዋ ዞር ብላ ቆይማን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ይሄን!» አለች። ሁለቱም በእሱ ሳቁ፤ እሱም የታረቁበትን ነገር ላለማበላሸት ጥፋቱን ዝም ብሎ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቆይማ ግን በዚያ ቀን ደስ ብሎት ስለነበር፣ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቸኮለ። ከሰዓት በኋላውን ተቀምጦ አንድ መላ ጻፈ፦ ማንም መስመር ሲያዛውር፣ የሚነካቸውን መስመሮች በሙሉ አንድ በአንድ እየቆለፈ ይሂድ፤ ሥራውን እስኪጨርስ ሌላው አይንካቸው። ሞከረው፤ ሠራ። ያንኑ ዕለት ሥራ ላይ አዋለው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ አቅራቢዋ ከላይ ያለውን ዘፈን ወደ ታች ጎተተች፤ በዚያችው ቅጽበት አዘጋጇ ከታች ያለውን ማስታወቂያ ወደ ላይ ሳበች። የአንዷ ጥያቄ ከላይ ጀምሮ እየቆለፈ ወረደ፤ የሌላዋ ከታች ጀምሮ እየቆለፈ ወጣ። መሐል ላይ ተገናኙ። ያኛው፣ «አምስተኛውን ልቀቅልኝና ልለፍ» ይላል፤ ይሄኛው፣ «አንተ አስቀድመህ አራተኛውን ልቀቅ» ይላል። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም፤ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ገጹ በሁለቱም ክፍል መሽከርከር ጀመረ። ዘፈኑ አለቀ። ቀጣዩ ከተቆለፉት መሐል ስለሆነ አልመጣም።

አቅራቢዋ ማይክሮፎኑን ከፈተች። የምትናገረው አልነበራትም፤ ፊት ለፊቷ ያለው መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መስኮቱ ተናገረች። የዝናቡ ጠብታ መስታወቱ ላይ እንዴት እንደሚወርድ፣ አንዱ ጠብታ ሌላውን እንዴት እንደሚውጥ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ሰው የመኪናውን ቁልፍ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ሲዳብስ፣ አሁን የግራውን፣ አሁን የኋላውን፣ አሁን ደግሞ የግራውን እንደገና… ዳታቤዙ መጠበቁ ሰልችቶት የአንዷን ጥያቄ ጥሎ የሌላዋን እስኪያሳልፍ ድረስ፣ ሰውየው ቁልፉን አላገኘም ነበር።

ቆይማ ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ሚስቱ ሱቅ ገብቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ ሳህኑን አልነካም።

«ምነው?» አለች ሚስቱ መርፌውን ከጥርሷ አውጥታ።

«ቸኮልኩ።»

«አንተ?» መቀሷን አስቀመጠች። «አንተ ከቸኮልክስ ዓለም ሊያልፍ ነው። በል ብላ፤ በባዶ ሆድ ማዘን አያዋጣም።»

ማታ ለአባቱም አስረዳ። ሁለት ጥያቄዎች እንዴት መሐል ላይ እንደተፋጠጡ በሁለት ማንኪያ አሳያቸው። አባቱ ዋና ነገሩን ወዲያው ያዙት።

«ጠባብ ድልድይ ላይ እንደተገናኙ ሁለት ጭነት መኪናዎች ነዋ!»

«ልክ ነው አባዬ፤ እኔ ሁለቱንም ካስገባሁ በኋላ ነው ላስተናግድ የሞከርኩት። መጠበቅ ያለባቸው ከመግባታቸው በፊት ነው።»

«እሱስ ልክ ነው» አሉ አባቱ። «ግን ያ ሰውዬ ቁልፉን አገኘው? ልጅቷ ሳትነግረን ዘፈን አመጣች። ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ ዋለ።»

ሁለተኛው መላ ጊዜ ወሰደ። ቆይማ ኮዱን ወደ ነበረበት መልሶ፣ ሴቶቹን በየተራ እንዲነኩ ለምኖ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ሠራ። አሁን የሚቆለፉት መስመሮቹ አይደሉም፤ ቀኑ ነው። እያንዳንዱ ቀን በዳታቤዙ ውስጥ የራሱ አንድ መስመር አለው፤ የፕሮግራሙ ዝርዝር በሙሉ በእሱ ሥር ነው። ማንኛውም ጥያቄ ምንም ሳያነብ፣ ምንም ሳይነካ፣ አስቀድሞ ያንን አንዱን ይቆልፋል። ሁለተኛ የመጣው ደጅ ይጠብቃል፤ መጠበቁም ሰው የማያውቀው ቅጽበት ነው። የመጀመሪያው ጨርሶ ሲወጣ ሁለተኛው ይገባና ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ያነባል፤ የሚያየውም የተለወጠውን ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ በአንድ ትእዛዝ አንድ ላይ ይጠጋሉ፤ ሁለት አራተኛ መኖር አለመኖሩን ዳታቤዙ የሚመረምረው በመሐል ሳይሆን ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ቆይማ በዚያ አስመሳይ ኮዱ ብዙ ጥያቄዎችን በአንዴ እያጎረፈ ደጋግሞ ደበደበው። ፍንክች አላለም። ያኔ እንኳ አላመነም፤ ሌላ ቀን አሳድሮ እንደገና ደበደበው።

ሥራ ላይ ሲውል ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። መሽከርከሩም ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ አግኝተውት መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ «ተባረክ» አሉት።

ግን አዘጋጇ አንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ ቆመች። አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነው።

«ቆይማ፣ የዘር ሱቁን ማስታወቂያ ከአየር ትንበያው ቀጥሎ ነው ያደረግሁት። ‹ነገ ይዘንባል› ሲባል ‹ዘር ግዙ› እንዲል። ዝም ብሎ ሄዶ ከስፖርቱ በኋላ ተቀመጠልኝ። የኳስ ሽንፈት ሰምቶ ዘር የሚገዛ ማን አለ?»

ቆይማ መዝገቡን አየ። «ሦስተኛ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። ሦስተኛም ሆኖልሻል።»

«እኔ መቼ ሦስተኛ አልኩ? ከአየር ትንበያው ቀጥሎ ነው ያልኩት!»

«ቆይማ…» አለና መዝገቡን እንደገና አየ። ልክ ናት። እሷ ስትጎትት የአየር ትንበያው ሁለተኛ ነበር። የእሷ ጥያቄ ደጅ ሲጠብቅ አቅራቢዋ ትንበያውን ወደ ታች አውርዳዋለች። እሷ የምታስበው ጎረቤቱን ነው፤ ገጹ ግን ወደ ዳታቤዙ የሚልከው ቁጥሩን ብቻ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎቹ የሚሉትን ሳይሆን ማውዙ የሚለውን ሲሰማ ኖሯል።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት፤ ወንበር ስቦ። «ስትጎትቺ ምን እያሰብሽ ነው የምትጎትቺው? ሁሉንም ንገሪኝ።»

ነገረችው። አንዳንዴ «ከዚህ ቀጥሎ» ብላ ነው፤ አንዳንዴ «ከሁሉ በፊት» ብላ ነው፤ አንዳንዴ «የትም ይሁን፣ ብቻ ከዜናው ይራቅ» ብላ ነው። አቅራቢዋንም ጠራት፤ እሷም በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የፈለገችውን ከመናገሯ በፊት አዘጋጇ ስለተናገረችው ስትሟገት ሻይዋ በረደ። ከቁጥር አንፃር የምታስብ ከሁለቱ አንዲትም አልተገኘችም። ቆይማ እንደገና ጻፈው። ከዚያ በኋላ ገጹ ወደ ዳታቤዙ የሚልከው «ይህን ሦስተኛ አድርግ» ብሎ ሳይሆን «ይህን ከዚያ ቀጥሎ አድርግ» ብሎ ሆነ። ቁጥሩን ዳታቤዙ ተራው ሲደርስ ራሱ ያወጣዋል። «ከዚያ» የተባለው በመሐል ከተሰረዘ ደግሞ ገጹ በቀይ አይጮህም፤ «ዝርዝሩ ተለውጧል፣ እስቲ እንደገና ተመልከቺው» ይላል። «እስቲ» የምትለዋን ቃል ያስገባት ሆን ብሎ ነው። ኮምፒውተር ሰውን ሲያናግር ትንሽ ትሕትና አይጎዳውም ይላል።

ከዚያ ወዲህ ማለዳው ሰላም ሆነ። ሐኪሙ እንደገና ተጋበዘ፤ አስቀድሞ ተዋውቆ፣ በኋላ ተሰናበተ። አባቱም፣ «እንዴት ሥርዓት ለመደ!» ብለው አደነቁት።

ብዙም ሳይቆይ ታዲያ አንድ ቀን፣ ፕሮግራሙ አልቆ የነገውን በሚያዘጋጁበት ሰዓት፣ አዘጋጇ ከክፍሏ ተጣራች።

«ቆይማ! ገጽህ እንደገና ተበላሸ! ቃለ ምልልሱን ከዜናው ቀጥሎ አድርጌው ነበር፤ አሁን መጨረሻ ላይ ነው!»

ቆይማ መዝገቡን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። የአዘጋጇ ለውጥ እንዳለችው ከዜናው ቀጥሎ ተቀምጧል፤ ልክ ነው። ከዚያ ዘግየት ብሎ፣ ማንም ሳይጋፋው፣ ሌላ ለውጥ መጥቶ አንስቶታል፤ እሱም ልክ ነው። ወደ አዘጋጇ ክፍል ሄደ።

«አልተበላሸም» አላት።

«ታዲያ ማን አነሳው?»

«እሷ ናት ያነሳችው።»

«ሳታውቅ?»

«ኧረ አውቃ ነው።»

አዘጋጇ ፊቷ በራ፤ ሲጠብቁት የኖሩት እንግዳ የመጣ ይመስል። መነጽሯን አስተካከለች፤ ከወንበሯ ተነሳች። «እንዲያ ነው እንዴ? መጣሁላት!» ብላ ኮሪደሩን ተሻግራ ሄደች።

ቆይማ ኮቱን ሲለብስ ድምፃቸው ይሰማዋል። «የሰው ጆሮ ንቁ የሚሆነው ማለዳ ነው፤ ቁም ነገር ይቅደም!» ትላለች አንዷ። «ማለዳ ሰው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው፤ ቁም ነገርሽን ማን ይሰማል? ዘፈን ይቅደም!» ትላለች ሌላዋ። በሩን ሲያልፍ አጮልቆ አየ። ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተደፍተው፣ አንዲቷን ማውዝ እየተነጣጠቁ ነው።

መንገዱ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። ሱቁ ሲደርስ ሚስቱ የሙሽራ ልብስ ይሁን የመጋረጃ የማይታወቅ ነጭ ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ምሳውን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ምስር ሾርባና ዳቦ ነው። በርጩማውን ሳበ።

«ዛሬስ ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው።

«ሴቶቹ እየተጣሉ ነው።»

ማንኪያዋን አንጠልጥላ ቀረች። «አሁንም? በምን ምክንያት?»

«በራሳቸው ጉዳይ» አለ ቆይማ፤ ዳቦውን ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነከረ።